አንድ ልጅ ናት

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ወልደ ዮሐንስ
ጎንደር፣ አራዳ

እንደምን ሰነበቱልኝ አባቴ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጎንደር የወጣሁ ዕለት መስቀልዎን ሳልሳለም መሄዴ እስካሁን ይከነክነኛል። አውቶብሱ ሊነሣ ነው ብለው አጣደፉኝ እንጂ ደጅዎን ዘልዬ የምሄድ ልጅ እንዳልሆንኩ ያውቃሉ። ይፍቱኝ።

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ወታደር ነሽ?» ብለው ለጠየቁኝ፣ ጥያቄው የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ወታደር ቤት የገባች ልጅ ነገር ለዕድራችን ሰው ገና ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነው። መተኮስ ተምሬአለሁ፤ ሥራዬ ግን እሱ አይሆንም። የምገባው መረጃ ክፍል ነው። ሌላው ያሰበውንና የሚያደርገውን ቀድሞ ማወቅ ማለት ነው።

አሁን የተቸገርኩት በምርጫ ነው። መረጃ ለብቻው የቆመ ቤት አይደለም፤ መጀመሪያ ከአንዱ ኃይል ሥር መግባት አለብኝ። ምድር ጦር ከሆነ ሥራዬ ከሰው ጋር ነው፤ ገበያው፣ መንገዱ፣ ሰፈሩ፣ ማን ምን አለ፣ ማን ምን ደበቀ። ዕድገቱም ፈጣን ነው ይላሉ። አየር ኃይል ከሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ከሰማይ የተነሣ ምስል አነባለሁ። ባሕር ኃይልም አለ፤ ገና ልጅ ስለሆነ ሰው ይፈልጋል። እስከ የካቲት መጨረሻ አንዱን መምረጥ አለብን። አንዱ አሠልጣኛችን «እንደ ምንኩስና ቁጠሩት፤ ቆቡን ካጠለቃችሁ ወዲያ መመለስ የለም» ብሎናል። እርስዎን ሳላማክር አልመርጥም።

ስልካችንን ሰብስበውብናል። ደብዳቤ ይፈቀዳል፤ ግን ሲገባም ሲወጣም የማሠልጠኛው ቢሮ ከፍቶ ያየዋል። ሲጽፉልኝ ይህን አይርሱ።

ስለ ወንድሜ ስለ ላቀው፣ እናቴ «መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ» ብላኛለች። ፒያሳ ላይ ባጃጅ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ማጭድ በእጁ ይዞ የማያውቅ፣ እንዴት ለሰሊጥ ተነሣ? እሱም የእርስዎ የንስሐ ልጅ ነውና ሳይሰናበትዎ አይሄድም። ደህና መሆኑን ብቻ ይጻፉልኝ።

የንስሐ ልጅዎ ፅዮን

*

ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓለም ፅዮን ለሚላት፣ እኔ ግን ባጠመቅሁበት ስም ለምጠራት ለልጄ ለወለተ ሩፋኤል

ሰላመ እግዚአብሔር አይለይሽ፤ ስለ መስቀሉ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ቢሮውም ያነባል ብለሽኛልና ለቢሮውም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደብዳቤ የከፈተ ሰው ሰላምታ ሳይደርሰው ቢቀር ነውር ነው።

እናትሽ ሸዋረጋ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። ባጃጁን ግቢው ውስጥ ሸራ አልብሳዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ጠርታ ሞተሩን ታስነሣለች፤ ባትሪው እንዳይሞት ነው አለችኝ። የዕድራችሁ ዳኛ አያ ህሩይ «ለመኮንኗ ልጃችን ሰላምታ» ብሏል፤ ገና ሳትሾሚ ሾሞሻል። ጎረቤታችሁ እትየ አማረች ዳቦ ቆሎ ልላክላት ብላ ተነሥታ ነበር፤ መንገድ ላይ ይበሉታል ብዬ አስቀረኋት። ቢሮውን ማለቴ አይደለም።

ስለ ባሕር ኃይሉ፣ ባሕር የሌለው አገር ባሕር ኃይል ሲያቋቁም ተስፋ ነው፤ በተስፋ አልቀልድም። ነገር ግን ጎርጎራ ወርደን ጀልባ የተሳፈርን ዕለት ጋቢዬን ጨምድደሽ ይዘሽ እስክንወርድ የጮኽሽ ልጅ ነሽና ይቅርብሽ።

የምድር ጦሩ ሥራ ከእኔ ሥራ ጋር ሳይዛመድ አይቀርም። ሰው ሲናገር፣ ሲደብቅ፣ ሊናገር ብሎ ሲተወው ሳዳምጥ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ልዩነቱ፣ እኔ የሰማሁትን ይዤው እቀበራለሁ፤ አንቺ የሰማሽውን ታደርሻለሽ። ሁለቱም ለአገር ያስፈልጋል እንበል። እኔ የማውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ ምክሬን አታስቸኩዪኝ።

ስለ ላቀው እናትሽ ያለችሽን ሰምተሻል። የምጨምረው የለኝም፤ የምቀንሰውም የለኝም።

መምሬ ወልደ ዮሐንስ

*

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ወልደ ዮሐንስ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ። ለቢሮው የላኩትን ሰላምታ ያነበበው አሥር አለቃ «ቄሱን እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» ብሎኛል። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልተለመደም።

ልቤ ወደ ምድር ጦሩ ነው፤ ለዕድገቱ ብዬ አይደለም። ሰው ማዳመጥ እችላለሁ። ምናልባት ከእርስዎ የተማርኩት ነው።

አሁን የምጽፍልዎ ለአደራ ነው። መረጃ ክፍል የሚገባ ሰው ቤተሰቡና ሰፈሩ ይጣራል። ከጥምቀት በኋላ ሰዎች ወደ እኛ ሰፈር ሳይመጡ አይቀሩም። ወታደር አይመስሉም። ዕድሩን ያናግራሉ፤ ጎረቤት ይጠይቃሉ። እኔ እናቴ ያለችኝን ጽፌአለሁ፤ «ወንድም፣ ላቀው፣ መተማ በቀን ሥራ ላይ» ብዬ። አባቴ፣ ለሁሉም ይንገሩልኝ፤ ማንም ምንም አያሳምርልኝ። የተጠየቀውን ብቻ እንዳለ ይመልስ።

የሚያስጨንቀኝ የሰፈራችን ፍቅር ነው። ግብር የሚያጣሩት መጥተው የነበረ ጊዜ የእትየ አማረችን ጠላ ቤት መላው መንደር «ለማኅበር ነው የምትጠምቀው» ብሎ ምሎላታል። ማኅበሩ በየቀኑ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁ «ጻድቅ ሰው ነች» አሏቸው። ያኔ ስቀናል። አሁን ግን ደግነታቸው እንዳይጎዳኝ እፈራለሁ።

ልጅዎ ፅዮን

*

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለተ ሩፋኤል

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ሰዎቹ ግን የመጡት ከከተራ በፊት ነው። ይህን በቢሮው አልላክሁትም፤ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ይዞልሽ ይመጣል፤ ስጽፍልሽም እጄ ደስ አይለውም።

ሁለት ናቸው፤ ትሑቶች፤ አንደኛው መስቀል ተሳልሟል። አራዳ ላይ ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ይገባልና አያ ህሩይ መምጣታቸውን ሰምቶ ኖሮ፣ በዋዜማው ዕድርተኛውን ድንኳኑ የሚቀመጥበት ቤት ሰብስቧል። እኔን አልጠሩኝም፤ አለመጥራታቸው አፍረው ነው። «ልጅቱን በወንድሟ ጦስ ከእንጀራዋ አናስቀራትም» ተባባሉ። ወንድሟ የት እንዳለ ከእነሱ መካከል የሚያውቅ የለም፤ ግን ሁሉም የየራሱን ፈርቷል። እንግዲህ አንድ ቃል ቆረጡ። ሸዋረጋ አንድ ልጅ ናት ያላት፤ ላቀው የሚባለው ቤት ተከራይቶ የነበረ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ሄዷል።

ሰዎቹ በየቤቱ ሲያንኳኩ በየቤቱ ያንኑ ቃል ሰሙ። እትየ አማረች ማንም ሳያስምላት ምላለች። ይህን የምነግርሽ በአደባባይ ስለ ማለች ነው፤ አደባባይ የሰማውን መናገር አልተከለከልሁም።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገርሽ። እናትሽን «ስንት ልጅ አለዎት?» አሏት። እኔ በረንዳው ላይ ነበርሁ። «አንድ» አለች። ሰዎቹ ሲወጡ ውሃ ስጡኝ አለች፤ ሰጧት፤ ይዛው ቀረች እንጂ አልጠጣችውም። ከዚያ ወዲህ ልጅ የሚል ቃል አፏ ላይ ሲመጣ ትገታዋለች። አዝኜላታለሁ።

እኔንም ጠየቁኝ። «የንስሐ ልጆቼን ለሰው አልቆጥርም» አልኋቸው። ያች መልስ ከውሸቱ ሁሉ የከፋች እንደ ነበረች የገባኝ ታናሹ ሰውዬ ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው።

ሸጋ የሠሩ መስሏቸው ነው፤ አትቀየሚያቸው። አንቺ እውነቱን ጽፈሻል፤ እነሱ ስላንቺ ዋሽተዋል። የቱ እንደሚጎዳሽ ጻፊልኝ።

መምሬ ወልደ ዮሐንስ

*

የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ወልደ ዮሐንስ

ይህ ደብዳቤ በቢሮው አያልፍም። የክፍል ጓደኛዬ ወንጌላዊት፣ የጎንደር ልጅ ናት፣ እናቷ ታመው የሁለት ሳምንት ፈቃድ ስላገኘች በእጇ ልኬዋለሁ። እንዲህ ማድረግ እንደማይገባኝ አውቃለሁ።

የጎዳኝ የሁለቱ አለመገጣጠም ነው። መኮንኖች ፊት ቀርቤ ነበር። የእኔን ቃልና የሰፈሩን ቃል ጎን ለጎን አስቀመጡት። ሻለቃው «አንድ ሰፈር ሙሉ፣ ሰሊጥ የሚያጭድ ሰው ለምን ይደብቃል?» አለኝ። ትምህርታችን ላይ፣ የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ ያለ ልዩነት በአንድ ቃል ከተናገረ ከጀርባው ያሠለጠነው አለ ይላል። አያ ህሩይ፣ የዕድሩን ወንበር ቆጥሮ ድምሩ አንድ ቀን ገጥሞለት የማያውቀው ሰውዬ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አደገኛ ሰው ሆኖ ዋለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

አየር ኃይል ለመግባት የወንድሜ ነገር መጥራት አለበት። የት እንዳለ ከታወቀ ጥያቄው ያበቃል። ምድር ጦሩ ግን በዚሁ ምክንያት ይፈልገኛል። ሻለቃው «ሰፈሩን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ጎንደር እንመድብሻለን» ብሎኛል። ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባዎታል። የፈለጉት የእኔን ችሎታ አይደለም፤ የእናቴን ደጅ ነው። ወንድሜን የምፈልገው እኔ ልሆን ነው።

ስለዚህ እንደ ልጅዎ ልጠይቅዎ። ላቀው የት ነው? በሕይወት አለ? መተማ ከሆነ አንድ ምስክር ይላኩልኝ፤ አየር ኃይል ገብቼ ከዚህ ሁሉ ልገላገል። ጫካ ከሆነም ይንገሩኝ። እናቴ አንድ ብላለች፤ ሁለተኛው መኖሩን እንኳ ከሚያውቅ ሰው መስማት ይገባኛል። እኅቱ ነኝ። ሌሊት ሌሊት በሩን ሲያንኳኳ እያለምኩ ነው የምነቃው።

ፅዮን

*

የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወለተ ሩፋኤል

ወንጌላዊት ደብዳቤሽን ሰጥታኛለች፤ መልሱንም ይዛ ትመለሳለች።

ቢነግረኝም ባይነግረኝም፣ ቢመጣም ባይመጣም፣ አልነግርሽም። ለእናትሽም አልነገርኋትም። ቅዳሴ ስንወጣ ሁልጊዜ ዓይን ዓይኔን ታያለች፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ያ ነው የኔ ኑሮ።

የጠየቅሽኝ እኅቱ ሆነሽ ነው፤ አምናለሁ። ግን ለእኅቱ የነገርሁትን መኮንኗ ሳትሰማው አትቀርም። ነግሬሽ ብትደብቂ የማልሽውን ታፈርሻለሽ፤ ነግሬሽ ብትናገሪ ወንድምሽን። በሁለቱም በኩል ያጠፋሁሽ እኔ እሆናለሁ። ምነው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለእኔ ላክሽው? ደግመሽ አትጠይቂኝ።

ምክሬን ስታስቸኩዪኝ ነበርና ይኸውልሽ። ሰማዩን ምረጪ። ከላይ ሲያዩት ሰው ስም የለውም፤ ስም ከሌለው ጋር መዋል ለልብ ይቀላል። ማጣራቱ ካስቀረሽ ደግሞ ይቅር፤ ነይና ፒያሳ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ክፈቺ፤ የበዓላቱን ማስታወቂያ ሁሉ አንቺ ዘንድ አባዛለሁ። ጎንደር ተመድበሽ እንዳትመጪ ብቻ። እለምንሻለሁ። በዚያ ልብስ እናትሽ ደጅ ብትቆሚ፣ እቅፍ ልታደርግሽ ትሮጣለች ወይስ ለማን መጡ ብላ ትደነግጣለች? እኔ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም።

ቃሌ ከሮ ከሆነ ጾሙ ገብቷልና ለዚያ ቁጠሪልኝ። ግን ለዚያ ብቻ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

መምሬ ወልደ ዮሐንስ

*

መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ወልደ ዮሐንስ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ጥያቄዬን ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን እንዳሳዘንኩ ያወቅኩት ደብዳቤውን ከእጄ እንዳወጣሁት ነው፤ ግን አልመለስኩትም።

ይህ በቢሮው በኩል ነው የሚመጣው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ፊታቸው ቆሜ ስለተናገርኩት የምደብቀው የለኝም።

ምክርዎን ይዤ ብዙ አሰብኩ። ወደ ሰማዩ ልሄድ ቆርጬ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ለልምምድ ምስል ሰጡን፤ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ሁላችንም «ስብሰባ» ብለን ጻፍን፤ ልክ ናችሁ ተባልን። አልጋዬ ላይ ከወጣሁ በኋላ ግን፣ ለቅሶ ቢሆንስ? አልኩ። ዕድር ቢሆንስ? ሽምግልና ተቀምጠው ቢሆንስ? ከላይ ስም የለውም ብለውኝ ነበር። አባቴ፣ ስም የሌለው ነገር ላይ ሰው የመሰለውን ስም ይጽፍበታል። እኔም ጽፌበታለሁ፤ ያውም ሙሉ ውጤት አግኝቼ።

ስለዚህ የምደባው ቦርድ ፊት እንዲህ አልኩ። ወንድም አለኝ፤ የት እንዳለ አላውቅም። ሰፈሬ ዋሽቷል፤ ያሠለጠነው ሰው ስላለ አይደለም፤ ስለሚሳሳልኝ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ለሚወደው ልጅ በአንድ ቃል ይምላል፤ የሚያስተባብረውም የዕድር ዳኛ ነው። በአንድ ቃል የተናገረን ሰፈር ሁሉ ጠላት ካላችሁ ብዙ እናት ታስራላችሁ። ይህን ለይቶ የሚሰማ ሰው ካስፈለጋችሁ ምድር ጦር ልግባ፤ ጎንደር ግን አትመድቡኝ። ሻለቃው ደስ አላለውም። አንድ ሽማግሌ ኮሎኔል ግን ሲጽፍ ቆየ።

ተቀብለውኛል። ምድር ጦር ነኝ። የመጀመሪያ ምድቤ ወደ ምሥራቅ ነው። ከዚያ በኋላ የት እንደምሆን ቃል የገባልኝ የለም። ምያለሁና ካዘዙኝ እሄዳለሁ፤ ጎንደርም ቢሆን። ምክርዎን ስላልሰማሁ አይቀየሙኝ። ይባርኩኝ።

ፅዮን

*

ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ ለልጄ ለወለተ ሩፋኤል

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ይህን የወንጌላዊት አባት ለምረቃችሁ ሲመጡ ይዘውልሽ ይመጣሉ።

ምርጫሽን ለእናትሽ ነገርኋት። «ሸጋ ነው፤ ከሰው ጋር ትሁን» አለች። አያ ህሩይ በቦርዱ ፊት ስሙ መነሣቱን ሰምቶ ፈራም፣ ኮራም። እኔም ላንቺ ኮርቼብሻለሁ። ምክሬን አለመስማትሽ ልክ ነበር፤ ይህን መጻፍ ለእንደኔ ያለ ሽማግሌ ቀላል አይደለም። በሄድሽበት ሁሉ የድንግል ልጅ ይቅደምልሽ።

አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነገ የምትታዘዢውን ሠርተሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሌላ ሰው ደግሞ የራሱን ይነግረኛል። የአንዱን ሰምቼ ለሌላው መምከር አልችልም። አፌን ብዘጋ እንኳ ምክሬ ይናገራል። ሰማዩን ምረጪ፣ ጎንደር አትምጪ ብዬ ስለምንሽ ምን እያልሁ እንደ ነበር የገባኝ ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ነው። ወድጄሽ ልጠብቅሽ ብዬ፣ ሰፈርሽ የሠራውን ስሕተት እኔም ሠራሁ።

ስለዚህ አንዳችሁን ማሰናበት አለብኝ። አንቺ ባለሽበት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ካህን አለ፤ በቀን ብርሃን በእግርሽ ሄደሽ ደጁን መሳለም ትችያለሽ። ይህን የማይችል ልጅ ካለኝ እሱን አላሰናብትም።

አንቺን ግን፣ ሕፃን ሳለሽ በዚህ እጄ ያጠመቅሁሽን ወለተ ሩፋኤልን፣ ከዛሬ ጀምሮ ከንስሐ ልጅነት በሰላም አሰናብቼሻለሁ። ባለሽበት አባት ያዢ። ለእሱ የምታሳይውን መሸኛ ለብቻው ጽፌ አብሬ ልኬአለሁ። ይህን ግን ለራስሽ አስቀሪው። አልቅሼ ነው የጻፍሁት።

ደብዳቤ አትከልክይኝ። ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ ጻፊልኝ። ከዚያ ያለፈውን ግን አልሰማም።

ወልደ ዮሐንስ

*

ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምሬ ወልደ ዮሐንስ

«የንስሐ አባቴ» ብዬ ጀምሬ ሌላ ወረቀት ወሰድኩ። እጄ ለምዶ ኖሯል። ይህን ለእረፍት ወደ ጎንደር የሚመለስ ሰው አግኝቼ በእጁ ነው የላክኩት።

ስለ አየሩ፣ ይነድዳል። ስለ ምግቡ፣ በበዓለ ኃምሳ እንኳ ሩዝ ነበር። ሰዉ ደግ ነው፤ ቋንቋቸውን እየለቃቀምኩ ነው። ገበያ ውዬ እመጣለሁ።

ደብዳቤዎን ምረቃው ዕለት፣ ሰዉ ሁሉ ፎቶ ሲነሣ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ነው ያነበብኩት። የወንጌላዊት አባት ለደስታ ያለቀስኩ መስሏቸው መሐረባቸውን ሰጡኝ። ለሁለት ነገር ነበር የማለቅሰው፤ አንደኛው ደስታ ስለነበር ግማሹን አልተሳሳቱም።

እዚህ አንድ ወጣት ቄስ አገኘሁ። የጻፉልኝን አሳየኋቸውና ተቀበሉኝ። የመጀመሪያ ቀን እንደ ወጉ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። እናት አለኝ፤ አባቴ አርፈዋል አልኳቸው። «ወንድም እኅትስ?» አሉኝ። አንድ ወንድም አለኝ አልኩ። «በሕይወት አለ?» አሉኝ። አለ አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣው እሱ ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። «የት ነው ያለው?» ሲሉኝ አላውቅም አልኳቸው። «ታዲያ መኖሩን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ማንም አልነገረኝም አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ እርስዎ እሱን አላሰናብትም አሉ እንጂ አለ አላሉኝም።

ሥራችን ላይ፣ በቀኑ ያወቅነውን ነገር ሁሉ ሲመሽ ጽፈን እናስገባለን። ትንሽ ነው ብሎ የሚተው ነገር የለም፤ ምያለሁ። ያን ዕለት ሲመሽ ወረቀቱን ይዤ ከወትሮው አብልጬ ቆየሁ። ከዚያ የጻፍኩት እህል መወደዱንና መንገዱ ሰላም መዋሉን ብቻ ነው።

ፅዮን